ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

ከጣና ሐይቅ በሰሜን ምዕራብ ዳር ባለችው በደልጊ፥ እንዲሁም በሐይቁ ዙሪያ በሚገኙት መንደሮች፥ ታንኳ የሚሠራው ከደንገል መሆኑ የታወቀ ነው። ደንገሉ ከውሃው ዳር ይታጨዳል፤ ታጭዶም ወዲያው አይታሰርም፤ በፀሐይ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ይቈያል። ከደረቀ በኋላ እየተመረጠ፥ እየተጠቀጠቀ፥ በገመድ እየተጠፈረ ታንኳ ይሆናል። ይህ ሥራ በተለይ በነገደ ወይጦ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ጥበብ ነው። ገበያ ደረሰ ወይም እንግዳ መጣ ተብሎ እርጥቡ ደንገል ቢታሰር፥ የተሠራው ነገር ለዓይን ታንኳ ይመስላል፤ ጭነት በተጫነበት ጊዜ ግን ጉዱ ይታያል። ባለ ታንኳው ሊያፋጥን የሚችለው የእጁን ሥራ ነው፤ ፀሐይን ሊያፋጥን አይችልም።

ይህ ሕግ ለደንገል ብቻ የተሰጠ አይደለም። ብራና የሚዳምጥ ሰው ቆዳውን ይነክራል፥ ይወጥራል፥ ይፍቃል፥ ያደርቃል፤ ቀለምና ብርዕ የሚነሡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በጣና ደሴቶች፥ በዳጋ እስጢፋኖስና በክብራን ገብርኤል፥ እስከ ዛሬ ተጠብቀው የሚገኙት መጻሕፍት ብዙ መቶ ዓመት የቈዩት ጸሐፊዎቹ እጃቸው የተባረከ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ብራናው እስኪደርስ ድረስ ለመጠበቅ ስለ ታገሡም ነው።

ይህ ሕግ በተጣሰ ጊዜ የሚደርሰውን ጥፋት የሚያሳይ አንድ ታላቅ ምሳሌ በ1974 እና በ1975 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ታይቷል። ነገሩ ከአንድ ስመ ጥሩ ፊልም ስለ ተወሰደ የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው። ጨዋታ ከሆነ ለሹምም ለካህንም ምን ይረባል ብሎ የሚያልፈው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም። ውል አለ፥ ትእዛዝ አለ፥ የበዓል ቀጠሮ አለ፥ የታዘዘ ሠራተኛ አለ፤ በመጨረሻም ጥፋቱ በማን ላይ ይጻፍ የሚል ክርክር አለ። እነዚህም በማናቸውም መሥሪያ ቤት በየዕለቱ የሚገኙ ነገሮች ናቸው።

አታሪ የተባለው ኩባንያ በ1964 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ተቋቋመ፤ መሥራቾቹም ሚስተር ኖላን ቡሽኔልና ሚስተር ቴድ ዳብኒ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ የተባለው ታላቅ የፊልምና የሙዚቃ ኩባንያ በ28 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አታሪ ከቴሌቪዥን ጋራ የሚያያዝ አንድ የጨዋታ መሣሪያ አወጣ፤ እርሱም በኋላ አታሪ 2600 ተብሎ የታወቀው ነው። ጨዋታዎቹ ካርትሪጅ በሚባል ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ተቀርጸው ለየብቻቸው ይሸጣሉ፤ ሰውም አንዱን አውጥቶ ሌላውን እያገባ ይጫወታል። ይህ መሣሪያ በሚሊዮን በሚቈጠር ቤት ገባ። በ1974 ዓ.ም. ከዋርነር ትርፍ ከግማሽ የሚበልጠው ከአታሪ የሚመጣ ሆነ።

የመሣሪያውን ዐቅም ማወቅ የነገሩን ችግር ለመረዳት ይጠቅማል። ሲሠራ የሚያስታውስበት ቦታ 128 ባይት ብቻ ነበረ። ይህም ማለት በአንድ ቦታ አንድ ፊደል ቢቀመጥ፥ 33 በ7 ተባዝቶ 231 የሚሆነውን የእኛን የፊደል ገበታ እንኳ ሊይዝ አይችልም ነበር። የኢ.ቲ. ጨዋታ ትእዛዝ ሁሉ የተጻፈበት ካርትሪጅም 8 ኪሎባይት ብቻ ይይዝ ነበር። በዚህ ጠባብ ስፍራ ውስጥ ሥዕልን፥ ድምፅንና እንቅስቃሴን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ አንዱን ጨዋታ ለመጨረስም ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጅበት ነበር።

ሰኔ 4 ቀን 1974 ዓ.ም. ሚስተር ስቲቨን ስፒልበርግ ያዘጋጁት ኢ.ቲ. የተባለው ፊልም በአሜሪካ መታየት ጀመረ። ታሪኩ ከሌላ ዓለም ከጓደኞቹ ጋራ መጥቶ በምድር ላይ ብቻውን ስለ ቀረ ፍጡርና እርሱን ደብቆ ስላኖረ ኤልየት ስለሚባል ልጅ ነው። ፍጡሩ ወደ አገሩ ለመመለስ ይናፍቃል፤ ልጁም ይወደዋልና ለመመለሱ ይረዳዋል። ፊልሙን ያየ ሁሉ፥ ሕፃንም ሽማግሌም፥ አለቀሰ። ገቢውም ከዚያ በፊት ከታዩት ፊልሞች ሁሉ በለጠ፤ በ1985 ዓ.ም. ራሳቸው ሚስተር ስፒልበርግ ባዘጋጁት በጁራሲክ ፓርክ እስኪቀደም ድረስም የአንደኝነቱን ስፍራ ይዞ ቈየ።

የዋርነር የበላይ አለቃ የነበሩት ሚስተር ስቲቭ ሮስ የዚህን ፊልም ስም ለአታሪ ጨዋታ ለማዋል ተዋዋሉ። ለፈቃዱ የተከፈለው ገንዘብ ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር እንደ ደረሰ ይነገራል፤ ለአንድ ስም ይህን ያህል መክፈል በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነበር። የአታሪ አለቃ የነበሩት ሚስተር ሬይ ካሳር ሐሳቡን እንዳልወደዱት በኋላ ተናግረዋል። ነገር ግን ምክራቸው የተጠየቀው ውሉ ካለቀ በኋላ ስለ ነበረ፥ የቀረላቸው ነገር ማስፈጸም ብቻ ሆነ። ማኅተሙ ካረፈ በኋላ የሚጠየቅ ምክር ለይምሰል የሚደረግ እንጂ ምክር ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

ሐምሌ 20 ቀን 1974 ዓ.ም. ለአንድ ወጣት ባለሙያ ስልክ ተደወለ፤ ስማቸውም ሚስተር ሐዋርድ ስኮት ዋርሾ ነው። ዕድሜያቸው 25 ዓመት ያህል ነበር። ያርስ ሪቬንጅ የተባለውን በሰው ዘንድ እጅግ የተወደደውን ጨዋታ የሠሩ፥ ሌላውንም የሚስተር ስፒልበርግን ፊልም ወደ ጨዋታ የለወጡ ስለ ነበሩ፥ ለዚህም ሥራ እርሳቸው ተመረጡ። የተነገራቸው ቀጠሮ ግን ነሐሴ 26 ነበር። የኢትዮጵያ ምእመናን ጾመ ፍልሰታን ጀምረው እስኪፈቱ ያለውን ጊዜ የሚያስብ አንባቢ የቀጠሮውን ማጠር ያስተውላል፤ ከጥሪው እስከ ርክክቡ ያለው ጊዜ 36 ቀን ብቻ ነው።

ቀጠሮው እንዲህ ያጠረበት ምክንያት የፈረንጆች የልደት በዓል ነበረ። በአሜሪካ አገር የልጆች መጫወቻ አብዛኛው የሚሸጠው በዚያ በዓል ሰሞን ነው፤ ካርትሪጁን በሚሊዮን እየቀረጹ ለየሱቁ ለማድረስም ብዙ ሳምንት ያስፈልጋል። ስለዚህ የልደቱ ቀን የማይለወጥ ሆነ፤ የፋብሪካውም ጊዜ የማይለወጥ ሆነ፤ የውሉ ድርድር የበላው ጊዜም የማይመለስ ሆነ። ሊቀነስ የሚችል ሆኖ የተገኘው የሠራተኛው ጊዜ ብቻ ነበር። ይህን ዐይነት ስሌት በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከላይ ያሉት ሰዎች ቀኑን በንግግር ይጨርሱታል፤ ከታች ያለው ሰው ሌሊቱን በሥራ ይከፍለዋል።

ሚስተር ዋርሾ ጥሪውን ተቀብለው ይቻላል ብለው መለሱ። በሁለት ቀን ውስጥም የጨዋታውን ሐሳብ አሰናድተው ወደ ሚስተር ስፒልበርግ በአውሮፕላን ሄዱ። ሚስተር ስፒልበርግ ሐሳቡን ሰምተው፥ በዚያ ዘመን ስሙ እንደ ናኘው እንደ ፓክማን ያለ ቀላል ጨዋታ ቢሆን አይሻልምን ብለው እንደ ጠየቁ ይነገራል። ባለሙያው ግን ፊልሙ ልዩ እንደ ሆነ ጨዋታውም ልዩ ሊሆን ይገባዋል ብለው በሐሳባቸው ጸኑ። የመሥሪያ ቤቱን መሣሪያ በቤታቸው አስተክለው ቀንና ሌሊት ሠሩ፤ በሥዕሉ በኩል ሚስተር ጀሮም ዶሙራት ረዷቸው። በተባለውም ቀን አስረከቡ። ከዚህ በኋላ ጨዋታውን ለተጫዋቾች ሰጥቶ መፈተን ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ጊዜ የለም ተብሎ ፈተናው ቀረ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ኢ.ቲ. ከመርከቡ በጫካ መካከል ይወርዳል። በየጕድጓዱ የተደበቁ ሦስት የስልክ ቍራጮችን ፈልጎ ማግኘት፥ ከዚያም ተስማሚውን ቦታ አግኝቶ ወደ አገሩ መደወል፥ በመጨረሻም መርከቡ በሚያርፍበት ስፍራ በጊዜው መገኘት አለበት። ኃይሉ ከ9,999 ተነሥቶ በየእርምጃው ይቀንሳል። አንድ የመንግሥት ሰላይ እየተከተለ ያገኘውን ቍራጭ ይነጥቀዋል፤ አንድ ሊቅም ይዞ ወደ ምርመራ ቤት ይወስደዋል። ሐሳቡ በመልካም የታሰበ ነው፤ ባዶ ነው ሊባል አይችልም።

የተጫዋቹ ኀዘን ከጕድጓዱ የመጣ ነው። የፍጡሩ ሥዕል ጫፍ የጕድጓዱን አፍ ጥቂት እንኳ ከነካ ወደ ውስጥ ይወድቃል። አንገቱን አርዝሞ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከአፉ ደርሶ አንድ ስንዝር ሳይራመድ ደግሞ ይወድቃል። ልጁ ለምን እንደ ወደቀ አያውቅም፤ እንዳይወድቅም ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚነግረው የለም። በፊልሙ ያለቀሰለትን ወዳጁን ለማዳን የተቀመጠው ልጅ ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ ሲጥለው ያመሻል። ይህ ጉድለት ጥቂት ሰዎች ጥቂት ቀን ቢጫወቱበት ኖሮ የሚታይ ነበር። የጐደለው ጥበብ አልነበረም፤ ጥበቡ ከተሠራ በኋላ ተመልሶ የሚታይበት ጊዜ ነበር።

ጨዋታው በ1975 ዓ.ም. በየሱቁ ቀረበ። በመጀመሪያው ሰሞን ወላጆች በፊልሙ ስም እየተማረኩ ገዙት፤ ከሚሊዮን የሚበልጥ ካርትሪጅም ተሸጠ። እንዲህ ያለው ሽያጭ ለሌላ ጨዋታ ታላቅ ድል በሆነ ነበር። ነገር ግን የተሠራው እንደ ፍላጎቱ ሳይሆን እንደ ተስፋው ነበረ። ሚስተር ካሳር በኋላ እንደ ተናገሩት 4 ሚሊዮን ያህል ተሠርቶ አብዛኛው ተመለሰ። ልጆቹም የገናቸውን ስጦታ ለጓደኞቻቸው በመልካም አላወሩለትም። ስም አንድ ጊዜ ያሸጣል፤ ሁለተኛውን ጊዜ የሚያሸጠው ግን ሥራው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን በትክክል መመዘን ይገባል። በሰው ዘንድ በሰፊው የተወራው አንድ መጥፎ ጨዋታ አንድ ታላቅ ኩባንያን ገደለ እየተባለ ነው። እውነቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። አታሪ በ1974 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነጋዴዎቹ የሚመጣውን ዓመት ሙሉ ዕቃ አስቀድመው እንዲያዝዙ አድርጎ ነበር፤ እነርሱም እንዳይጐድልባቸው ፈርተው ከሚፈልጉት አብልጠው አዘዙ። ኩባንያውም ይህን የተጋነነ ትእዛዝ እንደ እውነተኛ ፍላጎት ቈጠረው። በዚያው ዓመት በመጋቢት የወጣው የፓክማን ጨዋታ በብዙ ሚሊዮን ቢሸጥም የገዛው ሰው ቅር ተሰኝቶበት ነበር። ከዚህም በላይ በ1972 ዓ.ም. ከአታሪ የወጡ ባለሙያዎች አክቲቪዥን የተባለውን ኩባንያ ካቋቋሙ በኋላ፥ እነርሱን የተከተሉ ብዙ ኩባንያዎች፥ ሙያውን የማያውቁት ጭምር፥ ካርትሪጅ እያወጡ ገበያውን አጥለቀለቁት። መልካሙን ከመጥፎው የሚለይ መርማሪ አልነበረም። ኢ.ቲ. ይህ ሁሉ ዕዳ በተከማቸበት ሰዓት የመጣ ነው።

ዕዳው የተገለጠው ጨዋታው ገና በሱቅ ሳለ ነው። ኅዳር 28 ቀን 1975 ዓ.ም. አታሪ ሽያጩ እንደ ተጠበቀው እንደማይሆን አስታወቀ፤ በማግሥቱ የዋርነር የአክሲዮን ዋጋ አንድ ሦስተኛ ያህል ወደቀ። በተከታዩ የፈረንጆች ዓመት የአታሪ ኪሳራ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በለጠ። ሚስተር ካሳር በ1975 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሥራቸውን ለቀቁ። ብዙ ሠራተኞች ተሰናበቱ። በ1976 ዓ.ም. ክረምት ዋርነር የአታሪን ትልቁን ክፍል ለሚስተር ጃክ ትራሚየል ሸጠ። በ1975 ዓ.ም. ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይቈጠር የነበረው የአሜሪካ የቤት ጨዋታ ንግድ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 100 ሚሊዮን ያህል እንደ ወረደ ይነገራል።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። በመስከረም 1976 ዓ.ም. በቴክሳስ ከምትገኘው ከኤል ፓሶ፥ ከአታሪ መጋዘን፥ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑ ታላላቅ የጭነት መኪናዎች ተነሥተው በኒው ሜክሲኮ ምድረ በዳ ወደምትገኘው ወደ አላሞጎርዶ ከተማ ሄዱ። የጫኑትንም ካርትሪጅ በከተማው የቈሻሻ መጣያ ጕድጓድ ጨመሩት። ኒዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ይህን ያወራው መስከረም 17 ቀን፥ በአገራችን የመስቀል በዓል በሚከበርበት ዕለት ነበር። ዕቃው በከባድ ተሽከርካሪ ተጨፍልቆ በላዩ የሲሚንቶ ሊጥ ፈሰሰበት። በጨዋታው ውስጥ ኢ.ቲ. ከጕድጓድ አልወጣ እንዳለ ሁሉ ካርትሪጁም ወደ ጕድጓድ ወረደ።

ኩባንያው ነገሩ የተቀበረ መስሎት ነበር። ነገር ግን የተቀበረ ጥፋት እንደ ተረት ያድጋል። 30 ዓመት ሙሉ አንዱ ሚሊዮኖች ተቀብረዋል ሲል፥ ሌላው ጨርሶ ያልተደረገ ነገር ነው ሲል ኖረ። ሚያዝያ 18 ቀን 2006 ዓ.ም. የፊልም ሰዎችና የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች ከከተማው ፈቃድ አግኝተው ቦታውን አስቈፈሩ። ብዙ ሜትር ከተቈፈረ በኋላ የተጨፈለቁት ሣጥኖች ወጡ። ከቀድሞ የአታሪ አለቆች አንዱ እንደ መሰከሩት የተቀበረው 728,000 ያህል ካርትሪጅ ነበር፤ የወጣው ግን 1,300 ያህል ነው። ከወጣውም ውስጥ ኢ.ቲ. ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የቀረው ሌላ ሌላ ጨዋታ ነበር። እንግዲህ የአንዱ ጨዋታ መቃብር ሲባል የኖረው የአንድ ኩባንያ አሠራር ሁሉ መቃብር እንደ ነበረ በዓይን ታየ። ከተማዋ ከተገኘው አብዛኛውን በጨረታ ሸጣ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ አገኘች፤ አንዱም ካርትሪጅ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ተቀመጠ።

ሚስተር ዋርሾ በዚያ ቀን ከጕድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ነበር። ብዙ ዓመት ስማቸው ከዓለም ሁሉ መጥፎ የተባለውን ጨዋታ እንደ ሠራ ሰው ሲነሣ ኖሯል። ከአታሪ ከወጡ በኋላ በሌሎች ሥራዎች አልፈው፥ በመጨረሻ የተጨነቀ ሰውን በምክር የሚያድን የሥነ ልቡና ሙያ ተምረው በካሊፎርኒያ የቴክኒክ ሠራተኞችን ሲረዱ ኖረዋል። ስለዚያ 36 ቀን ሲጠየቁም አይሸሹም፤ ሥራውን የተቀበልሁ እኔ ነኝ ይላሉ፤ ጨዋታው በተባለው ቀን ማለቁንም እንደ ክብር ይቈጥሩታል። ቀጠሮውን የወሰኑት፥ ፈተናውን ያስቀሩት፥ ብዛቱን ያዘዙት ግን ሌሎች ናቸው። የእነዚያን ስም ዛሬ የሚያነሣው ታሪክ መርማሪ ብቻ ነው፤ የባለሙያውን ስም ግን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ፍርድ በእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ድልድዩ ለበዓሉ ቀን እንዲመረቅ ይታዘዛል፤ ሲሚንቶው ግን የሚጠነክርበት የራሱ ቀን አለው። መጽሐፉ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት እንዲታተም ይታዘዛል፤ አራሚው ግን የሚያርመው በሁለት ዓይኑ ብቻ ነው። ቀኑ ሲደርስ ሥራው ደረሰ ተብሎ ይመረቃል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲሰነጠቅ ወይም ስሕተቱ ሲገለጥ ግንበኛው ወይም አራሚው ይጠየቃል። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቀኑን የወሰነው ሰው አብሮ ካልተጠየቀ በሚመጣው ዓመትም ያው ቀን ይወሰናል። ሠራተኛውም በበኩሉ አይደርስም ማለት እንደ ዐመፅ በሚቈጠርበት ቤት እውነት ሊናገር አይደፍርም። ይደርሳል የሚል መልስ በተወደደበት ስፍራ ሁሉ ነገር ይደርሳል፤ የሚደርሰው ግን የተመኙት አይደለም።

ጥፋትን በመቅበር የሚገኝም ዕረፍት የለም። በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የታየውን እምቦጭ በእጅ ለማረም የወረደ ገበሬ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። አረሙ ከውሃው ላይ ተነሥቶ ሐይቁ ጠራ ሲባል፥ ዘሩ ከጭቃው ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቈያል፤ ጊዜውን አግኝቶም ይበቅላል። የመሥሪያ ቤት ስሕተትም እንዲሁ ነው። ዘገባው መልካም ሆኖ ቢጻፍ፥ የተበላሸው ዕቃ ከመጋዘን ወጥቶ ቢቀበር፥ ያስበላሸው አሠራር በቦታው ካለ ነገ ያው ይበቅላል። የአላሞጎርዶ ሲሚንቶ ካርትሪጁን ሸፈነ እንጂ አሠራሩን አላዳነም።

የተማሩበት ግን አሉ። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1978 ዓ.ም. መሣሪያውን ወደ አሜሪካ ባስገባ ጊዜ፥ ያልተፈቀደ ካርትሪጅ እንዳይሠራበት የሚዘጋ ቍልፍ ጨመረበት፤ የተመረመረውንም ጨዋታ በማኅተም ለየው። በዚህም የሰው እምነት ቀስ በቀስ ተመለሰ። እንደ ገናም ጎልደን አይ የተባለው የጄምስ ቦንድ ፊልም በኅዳር 1988 ዓ.ም. ወጣ፤ ሬር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከእርሱ የሠራው ጨዋታ ግን ፊልሙ ከታየ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቈይቶ በ1989 ዓ.ም. መጨረሻ ወጣ። የፊልሙ ወሬ በርዶ ሳለ ጨዋታው 8 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። ከፊልም የሚወሰድ ጨዋታ ሁሉ መጥፎ ነው የሚለውን ሐሳብ ይህ ብቻውን ያፈርሰዋል። የዘገየው አልተጐዳም፤ የቸኰለው ግን አፍሶ ለቀመ።

በኢትዮጵያም ይህ ሙያ መግባት ጀምሯል። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ኩኩሉ የሚባል የዶሮ ሩጫ ጨዋታ ለስልክ ሠርቷል፤ አባቶች በየጥላው ሥር የተጫወቱትን ገበጣም እንዲሁ ወደ ስልክ አምጥቶታል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት አምስት ሚሊዮን ሰዎችን የኮምፒዩተር ትእዛዝ አጻጻፍ ለማስተማር ከተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ጋራ ሥራ ጀምሯል። በዚህ ትምህርት ከሚወጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ይቀጠራሉ፤ የግብር መዝገብ፥ የመሬት መዝገብ፥ የሕክምና መዝገብ የሚያዘጋጁት እነርሱ ይሆናሉ። እነርሱንም ለበዓሉ ቀን አድርሱ የሚል አለቃ ይጠብቃቸዋል። የጨዋታ ጕድጓድ ልጅን ያሳዝናል፤ የመሬት መዝገብ ጕድጓድ ግን ገበሬውን ከርስቱ ያወጣዋል።

ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር በወንጌል የተነገረውን ካህናት ለሕዝብ ያስተምራሉ። ከወጪዎችም ሁሉ ሰው ለመቍጠር የሚረሳው ጊዜን ነው። ገንዘብ ቢያልቅ ይበደሩታል፤ ሠራተኛ ቢያንስ ይጨምሩታል፤ 36 ቀንን ግን ስድስት ወር ሊያደርግ የሚችል ባለሥልጣን የለም።

በደልጊ ዳር ታንኳውን የሚያስር ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ይሳፈርበታል። ስለዚህ ደንገሉ ደረቀ ወይስ አልደረቀም ብሎ በእጁ ይዳስሳል፤ ያልደረቀውንም ወደ ፀሐይ ይመልሳል፤ የገበያው ቀን ቢያልፍበትም አይጨነቅም፤ ሌላ ገበያ አለና። ቀጠሮ የሚወስን ሹም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ቆሞ የሚያይ ነው። እርሱም የቀኑን ትእዛዝ ከመፈረሙ በፊት፥ በዚህ ታንኳ የምሳፈረው እኔ ብሆን ዛሬ ይታሰር እል ነበርን ብሎ ራሱን ቢጠይቅ፥ ብዙ ነገር ሳይሰምጥ ይቀር ነበር።